«እናቴ ታማለች» ብላ ጓደኞቿን አስቀረቻቸው

ጥያቄ

ውድ አማካሪ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ38 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ ሴት ናት፣ 13 ዓመቷ ነው። ትንሹ ወንድ ነው፣ 7 ዓመቱን ይዟል። የምንኖረው ኪራይ ቤት ነው። ማብሰያና መታጠቢያ ለብቻ አለን። ሌላው ኑሯችን በሙሉ ግን አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ባለቤቴ ለክቷት ነበር፤ 4 ሜትር በ5 ሜትር ናት። ጣሪያዋ ከፍ ያለ ነው፣ 3 ሜትር ይሆናል። በሩ በአንደኛው አጭር ግድግዳ ላይ ነው፣ መስኮቱ ደግሞ ፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ።

እዚህች ክፍል ውስጥ የእኛ ትልቅ አልጋ አለ፣ ቁም ሣጥን አለ፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ አለ፣ ስንጋባ የተገዛ ሶፋ ከነሁለት ነጠላ ወንበሮቹና ከነመካከለኛ ጠረጴዛው አለ። ልጆቹ ማታ ማታ ጠረጴዛው ተነስቶ ፍራሽ ይነጠፍላቸዋል። ጠዋት ደግሞ ፍራሹን አጥፈን ከአልጋው ሥር እንከታለን። ልጄ የምታጠናው የእኛ አልጋ ላይ በደረቷ ተኝታ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጓደኞቿ እቤት ሊመጡ እንደሆነ ሰማሁ። ደስ ብሎኝ ቤቱን ማሰናዳት ጀመርኩ። በኋላ ስልክ ስታወራ ሰማኋት። «እናቴ ታማለች፣ አትምጡ» አለቻቸው። ልቤ ተሰበረ። ምንም እንዳልሰማ ሆንኩ። ቤታችን አሳፍሯታል ማለት ነው።

ትንሽ ያጠራቀምኩት ገንዘብ አለ። ሲዘረጋ አልጋ የሚሆን አዲስ ሶፋ ልገዛበት አስቤያለሁ። ለባለቤቴ ስነግረው ተናደደ። «በሰው ቤት ላይ ገንዘብ አይፈስም፣ የራሳችን ቤት ሲኖረን ሁሉም ይደርሳል» አለኝ። ይህን መስማት ከጀመርኩ 8 ዓመቴ ነው። ስልኬ ላይ የሚያምሩ ትናንሽ ቤቶች ፎቶ እያየሁ አመሻለሁ፤ ከዚያ ቀና ብዬ የእኔን ሳይ ይጨልምብኛል። ሶፋውን ልግዛ? ወይስ እሱ እንዳለው ልጠብቅ? ልጄንስ ምን ልበላት?

ምላሽ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ሶፋው ከጻፍሽው በላይ የያዘኝ ያቺ የስልክ ወሬ ናት። ቤት እያሰናዳሽ፣ መጥረጊያ ይዘሽ እንደቆምሽ «እናቴ ታማለች» ሲባል መስማት ከባድ ነው። ደግሞም ምንም አላልሻትም። እዚያው ተቆጥተሽ ቢሆን ኖሮ አሁን የምናወራው ስለ ሌላ ነገር ነበር።

ግን ልጠይቅሽ። ያፈረችው በቤቱ ጥበት ነው ብለሽ እርግጠኛ ነሽ? እኔ እንደሚመስለኝ ሌላም ነገር አለ። ጓደኞቿ ቢመጡ የት ልታስቀምጣቸው ነበር? ሶፋው ላይ፣ አንቺና አባቷ እያያችኋቸው፣ ወንድሟ መሀላቸው እየተሽከረከረ። «ይሄ የኔ ነው» ብላ የምታሳያቸው አንድ ጥግ የላትም። በ13 ዓመት ሰውነት ይለወጣል። ልብስ መቀየር፣ ማልቀስ፣ ደብተር መደበቅ፣ ዝም ብሎ ጣሪያ እያዩ መተኛት ያስፈልጋል። ለዚህ ሁሉ ሰፊ ቤት አያስፈልግም። መዝጋት የሚቻል ነገር ግን ያስፈልጋል። እኔም ልጅ ሳለሁ ለአምስት በአንድ ክፍል ነበር የምንተኛው። ከአልጋ ሥር አንዲት ካርቶን ነበረችኝ፤ ማንም አይነካትም ነበር። ያቺ ካርቶን ምን ያህል ክፍል እንደሆነችልኝ ዛሬም አልረሳም።

ስለዚህ ሶፋውን አትግዢ እላለሁ። ይህን የምልሽ ምኞትሽን አቃልዬ አይደለም። ሲዘረጋ አልጋ የሚሆን ሶፋ አልፎ አልፎ ለሚያድር እንግዳ ጥሩ ነው። በየቀኑ ለሁለት ልጆች ግን ያው የፍራሹ ጣጣ ነው፤ ማታ መዘርጋት፣ ጠዋት ማጠፍ። ልጅሽም አሁንም የሌላ ሰው መቀመጫ ላይ ነው የምታድረው።

አሁን ወደ ክፍሏ እንግባ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ወረቀት ላይ ሣልኳት። አንቺም ሣያት። 1 ሜትሩን በ5 ሴንቲ ሜትር ተኪው፤ ክፍልሽ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። አንድ ተራ ኤ4 ወረቀት ላይ ልክ ትገባለች። ከዚያ ዕቃዎችሽን አንድ በአንድ ለኪና በዚያው ልክ ከካርቶን ቁረጪያቸው። 1.50 በ1.90 የሆነ አልጋ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል በ9 ተኩል ይሆናል። ካርቶኖቹን ወረቀቱ ላይ እያንሸራተትሽ ሞክሪ። ከባድ ቁም ሣጥን እየገፉ ከመድከም ይህ ይሻላል። አናጢዎች አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚሉት ወደው አይደለም።

የዕቃዎችሽን ልክ አልጻፍሽልኝም፤ የተለመደውን ይዤ አሰብኩት። ነጠላ ወንበሮቹ 90 በ90 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ፣ ጠረጴዛው ደግሞ 1.10 ሜትር በ60 ሴንቲ ሜትር፣ ሦስቱ ብቻ 2.28 ካሬ ሜትር ይይዛሉ። የልጆችሽ ፍራሽ 1.20 በ1.90 ከሆነ ስንት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ? 2.28። ያው እኩል ነው። ልጆችሽ ቋሚ መኝታ ያጡት ለሁለት ወንበርና ለአንድ ጠረጴዛ ሲባል ነው። እነዚያ ወንበሮች በሳምንት ስንት ሰዓት ሰው ይቀመጥባቸዋል? ለሰባት ቀን አስተውዪና ጻፊው። የሠርግሽ ዕቃ ስለሆኑ ማውጣቱ እንደሚከብድሽ ይገባኛል። ትልቁ ሶፋ ይቅርልሽ። ሁለቱ ወንበሮችና ጠረጴዛው ግን ይሸጡ፤ ገንዘባቸውም ይረዳሻል።

በምትኩ ተደራራቢ አልጋ አሠሪ። 90 ሴንቲ ሜትር በ1.90 ሜትር የሆነ። 3 ሜትር ከፍታ ያለው ጣሪያ ሀብት ነው፤ እስካሁን ግን የላይኛው ግማሽ ባዶውን ነው ያለው። የታችኛው ፍራሽ አናት ከወለሉ 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከዚያ እስከ ላይኛው አልጋ ሆድ 1 ሜትር ቢተው ልጅሽ ቀና ብላ ትቀመጣለች። የላይኛው ፍራሽ አናት 1.65 አካባቢ ይውላል። ከእሱ እስከ ጣሪያው 1.35 ይተርፋል። ትንሹ ላይ ይተኛል፤ ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይ አይተኛም፣ እሱ ግን አልፏል። ለአናጢው ይህን አደራ በዪው፦ የላይኛው አልጋ መከለያ በሁለቱም ጎን ይኑር፣ ከፍራሹ በላይ ቢያንስ 13 ሴንቲ ሜትር ይውጣ፣ በእንጨቶቹ መካከል ያለው ክፍተትም ከ9 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ይሁን፤ የልጅ ሰውነት ሾልኮ ጭንቅላቱ እንዳይያዝ። በኋላ ወፍራም ፍራሽ ብትቀይሩ መከለያው ያጥራልና እሱንም አስቡበት።

ታችኛው የልጅሽ ነው። አልጋ ብለሽ አትጥሪው፣ ክፍሏ ነው። ዙሪያው ሲዘጋ፣ ፊት ለፊቱ መጋረጃ ሲሆን፣ እዚያ ውስጥ የራሷ መብራት፣ የራሷ ትንሽ መደርደሪያ ሲኖራት ስታየው ትረጂኛለሽ። መብራቱ የማይሞቅ ኤልኢዲ ይሁን፤ ከመጋረጃውም ይራቅ። መጋረጃው ሲዘጋ አንድ ሕግ ይኑራችሁ፤ ሳይጠየቅ አይገለጥም። ይህ ሕግ ወንድሟን ብቻ ሳይሆን አንቺንም አባቷንም ይመለከታል። ካልተከበረ መጋረጃው ጨርቅ ብቻ ነው።

የት ይቁም? እኔ ወረቀቱ ላይ ብዙ ካገላበጥኩ በኋላ የወደድኩት ይህን ነው። የእናንተ አልጋ ከመስኮቱ ጎን፣ ራስጌው ወደ ረጅሙ ግድግዳ ይሁን። ከሱ 75 ሴንቲ ሜትር ተትቶ ቁም ሣጥኑ ከግድግዳው ወደ መሀል ክፍሉ ይዘርጋ፣ ፊቱ ወደ እናንተ። ጀርባው ላይ ደግሞ የልጆቹ አልጋ ይለጠፍ። ቁም ሣጥኑ እዚህ ላይ ግድግዳ ሆነ ማለት ነው። የእናንተ አልጋ 1.50 ሜትር፣ መተላለፊያው 75 ሴንቲ ሜትር፣ ቁም ሣጥኑ 60፣ የልጆቹ አልጋ 90፤ ሲደመር ከ5 ሜትሩ 3.75 ይወስዳል። በበሩ በኩል 1.25 ይቀራል። በወርዱ ደግሞ 1.90 ተይዞ 2.10 ክፍት ነው፤ የመስኮቱ ብርሃን በዚያ በኩል እስከ በሩ ይዘልቃል። ትልቁ ሶፋ ከልጆቹ አልጋ ማዶ፣ በሌላኛው ግድግዳ ይደገፍ። 90 ሴንቲ ሜትር ቢወጣ እንኳ 1.20 መተላለፊያ አለሽ። ሰው ሳይጨነቅ እንዲያልፍ 75 ይበቃል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ግድግዳ ያልተደገፈ ቁም ሣጥን ልጅ ሲንጠለጠልበት ይወድቃል። ስለዚህ ከተደራራቢው አልጋ ቋሚዎች ጋር ከላይም ከታችም በብሎን ይታሰር። ከባድ ዕቃ ታች፣ ቀላል ላይ። ይህን ለነገ አትበዪ፤ አልጋው በቆመ ዕለት ይሠራ።

በመስኮቱ ግድግዳ ላይ ከእናንተ አልጋ ማዶ 2 ሜትር የምታህል ቦታ ትተርፋለች። እዚያ የማጥኛ ጠረጴዛ ይቀመጥ። ቁመቱ 73 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ወርዱ 50 ቢሆን ይበቃል። ከቤቱ ሁሉ ብርሃን የሚበዛበት ጥግ ለሚያነብ ሰው ይሰጥ። በደረት ተኝቶ ማጥናት አንገትና ጀርባ ያማል፤ ጠረጴዛ ሲኖራት ራሷ ትተወዋለች። ወንድሟም ተራው ሲደርስ ይጠቀማል። ቴሌቪዥኑን በበሩ በኩል አድርጊው፤ እሷ ስታጠና ፊቷ እንዳይሆን።

የእናንተ አልጋስ? እናንተም ሰው ናችሁ። ከጣሪያው የሚወርድ አንድ ረጅም መጋረጃ አልጋችሁን ከእንግዳ ዓይን ይለያል፤ ማታም ለባልና ሚስት ትንሽ ገለልታ ይሰጣል። ጨርቁ ነጣ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሁን። የቁም ሣጥኑ መዝጊያዎች በ75 ሴንቲ ሜትሯ መተላለፊያ ውስጥ ካስቸገሩሽ አውልቀሽ መጋረጃ ስቀይበት።

ይህን አሳብ እኔ አልፈጠርኩትም። በ1924 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ ዩትሬክት ከተማ ትሩስ ሽሮደር የተባለች፣ ባሏ የሞተባት የሦስት ልጆች እናት፣ ኼሪት ሪትፌልት ከሚባል ዲዛይነር ጋር ሆና አንድ ቤት አሠራች። ፎቁ ላይ ተንሸራታች ግድግዳዎች አሉ። ቀን ሲገፉ አንድ ሰፊ ክፍል ይሆናል፤ ማታ ሲሳቡ ወደ መኝታ ክፍሎች ይከፋፈላል። እሷ ገንዘብ ያላት ሴት ነበረች፣ ያንቺን ችግር አላየችም። የጠየቀችው ጥያቄ ግን ያንቺው ነው፦ ልጆቼ አብረውኝ ሆነው ደግሞ እንዴት ለየራሳቸው ይሁኑ? በ1985 እ.ኤ.አ. እስክትሞት ድረስ እዚያው ኖረች። ዛሬ ቤቱ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እሷ ቤቱን በቀንና በማታ ከፋፈለችው። አንቺ መንሸራተቻ ባይኖርሽ መጋረጃ አለሽ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። አትቆጪኝና፣ ግማሹ እውነት አለው። ነገ «ልቀቁ» ልትባሉ በምትችሉበት ቤት ግድግዳ ማፍረስ፣ ወለል መቀየር፣ ግድግዳ ላይ የሚቀር ቁም ሣጥን ማሠራት እኔም አልመክርም። የሚያስፈራው ገንዘቡ ለአከራይ እንዳይቀር ነው። ምናልባት ከዚያም ጠለቅ ይላል። «ይህን ቤት እናሳምር» ስትዪ እሱ የሚሰማው «የራሳችንን ቤት አልሠራህልንም» የሚል ሊሆን ይችላል። 8 ዓመት ሙሉ ያንን ቃል የደገመ ሰው ቃሉ እሱንም ይከብደዋል። በዚህ በኩል አስበሽው ታውቂያለሽ?

ስለዚህ ፎቶ አታሳዪው። ወረቀቱንና ካርቶኖቹን ይዘሽ ቁጭ በዪ፤ ልጆቹ በተኙበት፣ እሱም ባልደከመበት ቀን። «ስንለቅ ይዘነው የማንሄደው የቱ ነው?» ብለሽ ጠይቂው። አልጋው በብሎን የሚፈታ ነው፣ ይሄዳል። ጠረጴዛው ይሄዳል። መጋረጃው ይሄዳል። የሚቀር ነገር የለም። የራሳችሁ ቤት ቢኖራችሁ እንኳ የመጀመሪያው ዕቃ ይኸው አልጋ ነበር። ከዚያ ስለ ልጃችሁ ዕድሜ አንሺ። እሷ አሁን 13 ናት። ቤቱ ከአምስት ዓመት በኋላ ቢሠራ 18 ትሆናለች። ያኔ የምትፈልገው ሌላ ነው። ቤቱ መቆየት ይችላል፣ 13 ዓመቷ ግን አይቆይም። ይህን ሳትወቅሺ፣ በለሆሳስ ከነገርሽው የሚሰማሽ ይመስለኛል። ለክቶ የነገረሽ እሱ አይደል? ለሥዕሉ ሥራም እሱን ጠይቂው።

የስልኩን ወሬ ግን ለአባቷ ብትነግሪው እንኳ በእሷ ፊት እንዳይነሳ። ለእሷም «ሰምቼሻለሁ» ማለት ካስፈለገሽ ቆይቶ ይሁን፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ፤ እንደ ክስም አይሁን። አሁን የምትያት ይህ ይበቃል፦ «የራስሽ ቦታ ሊኖርሽ ይገባል፣ እስካሁን ዘግይቻለሁ፣ አብረን እንሥራው።» ከዚያ ሜትሩን ስጫት። ትለካ፣ ትሣል። የመጋረጃውን ቀለም እሷ ትምረጥ፣ አንቺ ባትወጂውም። ጓደኞችሽን ጥሪ ብለሽ ግን አትገፋፊያት። እንግዳ መጥራት ስትፈልግ ራሷ ትጠይቅሻለች።

ገንዘቡን በምን ቅደም ተከተል ታውጪው? መጀመሪያ ምንም የማያስወጣውን፦ መሸጥ፣ መስጠት፣ ማውጣት። ሁለተኛ አልጋውን፤ አብዛኛው ገንዘብሽ እሱ ላይ ይዋል፣ ርካሽ እንጨት እንዳትመርጪ። ሁለት ልጅ ይሸከማል። ሦስተኛ መጋረጃዎቹን። ጠረጴዛው ከተረፈ ይሠራል፣ ካልተረፈ ደግሞ ሁለት መቆሚያ ላይ የተጋደመ ጥሩ ጣውላ ለጊዜው ይሆናል። ቀለም መቀባት መጨረሻ ነው፤ አከራያችሁን አስፈቅዳችሁ፣ ነጣ ያለ። በበሩ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ መስታወት ብትሰቅዪ ከመስኮቱ የሚመጣውን ብርሃን ወደ ውስጥ ይመልስልሻል። ከዚህ ውጭ ያለውን ማስጌጫ ሁሉ ለጊዜው ተዪው።

ስለዚያ የስልክ ፎቶም አንድ ነገር ልበል። እነዚያን ትናንሽ ቤቶች ስታዪ እስቲ ፈልጊ፤ የደረቀ ልብስ የት ተሰጣ? የትምህርት ቤት ቦርሳ የት ተወረወረ? የለም። ለፎቶ ሲባል ሁሉም ተነስቷል። አራት ሰው በሚያድርበት ቤት ቦርሳው ይኖራል። እሱን የሚይዝ መስቀያ ከበሩ ጀርባ አድርጊለት፤ የወለልሽ ግማሽ ዝርክርክ በዚያች ብቻ ይቀንሳል። ከታችኛው አልጋ ሥርም 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኖራል። ጎማ ያላቸው ሁለት ጠፍጣፋ ሣጥኖች ይግቡበት፤ አንዱ የእሱ መጫወቻ፣ አንዱ የእሷ ልብስ። የእሷ ቁልፍ ቢኖረው ደስ ይለኛል።

የጠየቅሽኝን ሁሉ የመለስኩ ይመስለኛል፤ አንድ ያልነገርሽኝ ግን አለ። በራችሁ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ? ወደ ውስጥ ከሆነ ከዚያች 1.25 ላይ 80 ወይም 90 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል። ቴሌቪዥኑንም ሶፋውንም ከበሩ መዞሪያ ውጭ ማድረግ ይኖርብሻል። ወረቀቱ ላይ ከሁሉም በፊት በሩን ሣዪ፤ ከነመዞሪያው። ከዚያ ሲሆንልሽ ጻፊልኝ፣ የልጆቹን አልጋ የት እንዳደረጋችሁት ማወቅ እፈልጋለሁ።